የሁለተኛዋ ልጅ ፍቅር

«ሪፕላይ 1988» የተባለውን የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ከታናሽ እህቴ ጋር እንደገና አይተን ስንጨርስ፣ የቆየው ክርክራችንም ካቆመበት ቀጠለ። እሷ ዋናዋን ልጅ ዶክሱንን ከሚወዱት ሁለት ጎረምሶች የአንዱ፣ የጆንግህዋን ወገን ናት፤ ዶክሱን ማግባት የነበረባት እሱን እንደሆነና ደራሲዋ በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ተመልካቹን እንደካደች አጥብቃ ታምናለች። እኔ ግን ይህን ድራማ የወደድኩት ባልየው እገሌ ሆኖ በመገኘቱ አይደለም። እንደኔ እንደኔ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ፍቅር የሚጀምረው ከሁለቱ ጎረምሶች ከአንዳቸውም ሳይሆን፣ ዶክሱን ከገበታ ላይ ከቀረባት የእንቁላል ጥብስ ነው። ይህንን ለእህቴ በቃል ለማስረዳት ስሞክር ነገሩ ሁልጊዜ ወደ ሳቅና ወደ ጭቅጭቅ ስለሚዞር፣ ሐሳቤን በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ።

ድራማው ቲቪኤን በተባለው የኮሪያ የኬብል ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ እስከ 2016 መጀመሪያ የታየ፣ ሺን ዎንሆ ያዘጋጀውና ሊ ዉጆንግ የጻፈችው ባለ 20 ክፍል ሥራ ነው። ቦታው በሰሜን ሴኡል የሚገኘው የሳንግሙንዶንግ ሰፈር ሲሆን፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ዳር የሚኖሩ አምስት ቤተሰቦችና አብረው ያደጉ አምስት ወጣቶች ታሪኩን ይሸከሙታል። አራቱ ወንዶች ናቸው፤ ብቸኛዋን ሴት፣ ዶክሱንን፣ ዘፋኟ ሄሪ ትጫወታታለች። አባቷ የባንክ ሠራተኛ ቢሆንም ለሌላ ሰው ብድር ዋስ በመሆኑ ዕዳ ውስጥ ወድቋል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ሎተሪ ደርሷቸው በከበሩት በጆንግህዋን ወላጆች ቤት ሥር፣ ግማሹ መሬት ውስጥ በገባ ቤት ይኖራል።

ዶክሱን የመካከለኛ ልጅ ናት። ታላቋ ቦራ በሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ቁጡና የቤቱ ሁሉ ኩራት የሆነች ልጅ ስትሆን፣ ታናሿ ኖኡል ደግሞ ብቸኛው ወንድ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የቦራ ልደት ይከበራል፤ የዶክሱን ልደት በጥቂት ቀናት ልዩነት ስለሚውል፣ በዚያው ኬክ ላይ ከተተከሉት ሻማዎች ጥቂቶቹ ተነቅለው ለእሷም ይዘፈንላታል። ዘንድሮ እንኳ ለብቻዬ አድርጉልኝ ብላ አስቀድማ ለምና ነበር። ሻማው ሲነቀል ስታይ ልጅቷ ትፈነዳለች። እንቁላል ሲጠበስ ለቦራና ለኖኡል ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው፣ ዶሮ ሲመጣ እግሩ ለእነሱ ብቻ የሚደርሰው ለምንድን ነው፣ እኔም እኮ እንቁላል እወዳለሁ እያለች የዓመታት ቂሟን በለቅሶ ታወጣለች። እናትና አባት የሚመልሱት ያጣሉ። ክፉ ወላጆች ስለሆኑ አይደለም፤ እሺ ባይ የሆነችውን ልጅ ማለፍ ስለሚቀል እንጂ። ማታ አባቷ ትንሽ ኬክ ገዝቶ ደጅ ላይ አጠገቧ ይቀመጥና፣ እሱም አባት ሆኖ እንዳልተወለደና አባትነትን ገና እየተማረው እንደሆነ ነግሮ ይቅርታ ይጠይቃታል። ሶንግ ዶንግኢል የተባለው ተዋናይ ይህን የሚናገረው እንባ ለማስፈሰስ ሳይቸኩል፣ እንደ ማፈር እያለ ነው፤ እኔ ግን በአየሁት ቁጥር አለቅሳለሁ።

ብዙ ሰው ይህን ትዕይንት የቤተሰብ ክፍል አድርጎ ይወስደውና የፍቅሩን ታሪክ ለብቻው ይከተላል። ለእኔ ግን ቁልፉ ያለው እዚያ ነው። ዶክሱን ለዓመታት የተማረችው የተሰጣትን መቀበል እንጂ የፈለገችውን መጠየቅ አይደለም፤ ፍቅርንም የምትጀምረው በዚሁ ልማዷ ነው። የክፍል ጓደኞቿ፣ ከአራቱ ወንዶች አንዱ የሆነው ሶንዉ ይወድሻል ሲሏት ሶንዉን መውደድ ትጀምራለች፤ እሱ ግን የሚወደው ቦራን ሆኖ ይገኛል፤ እንቁላሉ አሁንም ለታላቋ ደረሰ ማለት ነው። ቀጥሎ ጆንግህዋን ይወድሻል ይሏትና ልቧ ወደዚያ ይዞራል። በሁለቱም ጊዜ ከራሷ የመነጨ ምርጫ የለም፤ ሰው የሚወዳት መሆኑን መስማቱ ብቻ ይበቃታል። ይህን ነገር ፊት ለፊት የሚነግራት ደግሞ በትምህርት ከሁሉ የመጨረሻው፣ በቀልድና በጭፈራ ግን የመጀመሪያው ዶንግሪዮንግ ነው፤ ማን ይወድሻል የሚለውን ትተሽ አንቺ ማንን ትወጃለሽ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ ይላታል። ከአስተማሪም ከእናትም ያልመጣው ምክር ከሰፈሩ ቀልደኛ መምጣቱ የሊ ዉጆንግ ብልሃት ይመስለኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። በዚያው በመጀመሪያው ክፍል ዶክሱን ለሴኡል ኦሊምፒክ መክፈቻ የማዳጋስካርን ስም ይዛ እንድትሰለፍ ተመርጣ ለረጅም ጊዜ ስትለማመድ ከቆየች በኋላ፣ ማዳጋስካር ከውድድሩ ትወጣለች። የልጅቷ ልፋት ሜዳ ላይ ቀረ ስንል በመጨረሻው ሰዓት የኡጋንዳን ሰሌዳ ይዛ ትወጣለች፤ ሰፈሩ ሁሉ በቴሌቪዥን እያያት ይጮኻል። ያ ቀን እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 1988፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 7 ቀን 1981 ዓ.ም. ነበር። የኢትዮጵያ ስምም በዚያ ሰልፍ ውስጥ አልነበረም፤ መንግሥታችን ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆሞ በውድድሩ አልካፈልም ብሏልና። በላይነህ ዴንሳሞ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ፣ ለአሥር ዓመት ያልተሰበረ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ሳለ ቤቱ ቀረ። የዶክሱን የማዳጋስካር ሰሌዳ ሜዳ ሳይገባ ሲቀር ለአንድ ልጅ የግል ሐዘን ብቻ መስሎ የሚያልፈው፣ ይህን ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ሌላ ምሬት አለው።

ወደ ጆንግህዋን ልመለስ፤ እህቴ የምትወደው ያለ ምክንያት አይደለምና። ሪዩ ጁንዮል ይህን ልጅ ሲጫወት ፍቅሩን በአፉ አይናገረውም፤ ሁሉንም በአካሉ ነው የሚያሳየው። ጠዋት ጠዋት ዶክሱን ከቤት እስክትወጣ ድረስ የጫማውን ማሰሪያ የሚያስር መስሎ በሩ ላይ ይንበረከካል፤ ትመጣለች፤ እሱም በአጋጣሚ እንደተገናኘ ሰው ፊቱን አጨማዶ ከፊቷ ይሄዳል። በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዳይገፋት ከኋላዋ ቆሞ ሁለት እጆቹን ብረቱ ላይ ሲዘረጋ፣ ካሜራው ቃል ሳያወጣ በክንዱ ላይ የተወጠረውን ጅማት ያሳየናል። በዚያ ጅማት የተነገረው ነገር በሌሎች ድራማዎች ውስጥ በዝናብና በሙዚቃ ታጅቦ ከሚነገረው ሁሉ ይበልጣል። ጓደኛው ቴክ ዶክሱንን እንደሚወድ ሲያውቅ ደግሞ ይሸሻል፤ ጓደኝነቱን ለመጠበቅ ብሎ መሸሹ ያስከብረዋል፤ ነገር ግን የሸሸው ስለ ፈራም ጭምር ነው፤ ድራማው ሁለቱንም እኩል ያሳያል።

ለዚህም ነው የትራፊክ መብራቱን ትዕይንት ለእህቴ ደጋግሜ የማነሳባት። ዶክሱን ኮንሰርት አዳራሽ ደጅ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ ጆንግህዋን በመኪና እየከነፈ ሲመጣ መብራቱ በየመንገዱ ቀይ ይሆንበታል። ሲደርስ ቴክ ቀድሞታል። እህቴ ደራሲዋ ቴክን በመብራት አስቀደመችው ትላለች፤ ጆንግህዋን ራሱ ግን እንዲህ አይልም። መብራቱንም ዕድሉንም አይወቅስም፤ የዘገየው በዚያች ሌሊት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባመነታባቸው ቀናት ሁሉ መሆኑን ያምናል። ከዚያ በኋላ የአየር ኃይል አካዳሚ የምረቃ ቀለበቱን አውጥቶ፣ ጓደኞቹ በተቀመጡበት ምግብ ቤት ውስጥ ለዓመታት የያዘውን ሁሉ ለዶክሱን ይናገርና ወዲያው ቀልድ አስመስሎ ያልፈዋል፤ ቀለበቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። እዚያ ላይ የዶክሱንን ፊት ማየት ያስፈልጋል። አታለቅስም፤ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ግን ገብቷታል።

በፓርክ ቦጎም የተተወነው ቴክ ባዱክ በተባለው የጥቁርና የነጭ ጠጠር ጨዋታ አገር ያወቀው ሊቅ ሲሆን፣ ከሰሌዳው ሲነሳ ግን የራሱን ነገር በወጉ ማድረግ የማይችል፣ እናቱ የሞተችበት ዝምተኛ ልጅ ነው። እሱም ስለ ጆንግህዋን ብሎ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ብሏል፤ በዚህ እኩል ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ለዶክሱን ሲል ውድድሩን ጥሎ በሚሮጥባት ቀን ነው። ለወትሮው ማንንም ምንም የማይጠይቅ ልጅ ሄዶ መጠየቁ፣ መጠየቅን ላልለመደችው ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ደራሲዋ አልረሳችውም። ዶክሱንም በቴክ አጠገብ ስትሆን የሰው ትርፍ አይደለችም፤ ለውድድር ቻይና አብራው ሄዳ በእንግዳ አገር ሆቴል የሚበላውንና የሚተኛበትን ስታመቻችለት፣ በቤቷ ሰነፍ እየተባለች ያደገችው ልጅ ምን ያህል ብልህ እንደሆነች መጀመሪያ የምናየው በዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ የማልከላከለው ነገር አለ። ድራማው በየክፍሉ ወደ ዛሬ ዘመን እየዘለለ፣ በዕድሜ የገፉትን ዶክሱንንና ባሏን ጠያቂ ፊት አስቀምጦ ተመልካቹን ባልየው ማን ይሆን በሚል እንቆቅልሽ ያባብላል። ትልቁ ባል ንግግሩም ኩርፊያውም ጆንግህዋንን እንጂ ቴክን አይመስልም፤ ይህ እውነተኛ ማታለል ነው፤ እህቴ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ልክ ናት። በኮሪያም ተመልካቹን በሁለት ወገን ከፍሎ ያከራከረው ይኸው ነበር፤ የመጨረሻው ክፍል 18.8 በመቶ ተመልካች በማግኘት በወቅቱ የኬብል ቴሌቪዥን ክብረ ወሰን የሰበረውም በከፊል በዚህ ጉጉት ሳይሆን አይቀርም። እንቆቅልሹ ባይኖር ኖሮ ሰው የዶክሱንን ልብ ይከታተል ነበር፤ በእንቆቅልሹ ምክንያት ግን ሁላችንም የወንዶቹን ሩጫ ስናይ ከረምን።

ቀጥለን እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የእነዚሁ ሰዎች የመጀመሪያ ድራማ፣ «ሪፕላይ 1997»ን ልናይ ተስማምተናል። እዚያም ባልየውን ማወቅ እስከ መጨረሻው ያጠያይቃል። እህቴ በዚህኛው እንደተበሳጨች ዳግመኛ ላለመበሳጨት፣ ባልየው ማን እንደሆነ ሳታጣራ የመጀመሪያውን ክፍል እንደማትከፍት ከወዲሁ ነግራኛለች፤ እኔ ደግሞ ያገኘችውን እንዳትነግረኝ አስምያታለሁ።