ሽታውን ስሸሽ

ኅዳር 21፣ ልደታ

ዛሬ ጠዋት በረንዳ ላይ የቆመውን ትንሽ ፍራሽ አስተኝቼ አፍንጫዬን ቀበርኩበት። ደህና አድርጌ ሳብኩ። ምንም የለም። ትንሽ አቧራ አቧራ ይላል፤ ያ ሽታ ግን ለቋል። ከገዛነው አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ልጃችን ሊመጣ አንድ ወር ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ ለመጻፍ ጊዜ እንደማላገኝ የወለዱት ሁሉ ነግረውኛል። ስለዚህ የፍራሹን ነገር አሁኑኑ ልጻፈው።

የልጁን አልጋ የሠራልን አናጢ ነው። ውስጡ 60 በ120 ሳንቲ ሜትር። ቫርኒሹ በደንብ እንዲደርቅ ብለን ከነሐሴ ጀምሮ ሳሎን ጥግ አቁመነዋል። የቀረው ፍራሽ ብቻ ነበር። የአንድ ቅዳሜ ሥራ መስሎኝ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከባለቤቴ ጋር የሕፃናት ዕቃ ወደሚሸጥ ሱቅ ሄድን። ሻጯ ፍራሹን ከታሸገበት ላስቲክ ስታወጣው ሽታው ፊቴን መታኝ። ሙጫ ሙጫ፣ አዲስ መኪና አዲስ መኪና የሚል ነገር ነው። ሆዴን ይዤ ወጣሁና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ ደንግጣ ተከተለችኝ። «አዲስ ስለሆነ ነው እህቴ፣ በሁለት ቀን ይለቃል» አለችኝ። ውሃ አመጣችልኝ። ደግ ልጅ ናት፤ የምታውቀውን ነው የነገረችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬን ይዤ ሳነብ አነጋሁ።

እኛ ስፖንጅ የምንለው ፖሊዩሬቴን የሚባለው ነው። ሁለት ፈሳሽ ኬሚካሎች ከትንሽ ውሃ ጋር ሲቀላቀሉ አየር ይፈጥራሉ፣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላሉ፣ ሲጠነክር ስፖንጅ ይሆናል። በየቀዳዳው ውስጥ የቀሩት ተናኝ ኬሚካሎች ከዚያ በኋላ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። የሸተተኝ እሱ ነው። ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት 20 የሕፃን ፍራሾችን መርምረው ነበር። አዲሶቹ ፍራሾች ከቆዩት አራት እጥፍ ያህል ይለቃሉ። ፍራሹ በሰውነት ሙቀት ሲሞቅ ደግሞ የሚለቀው ይጨምራል። ልጅ ይታመማል ብለው አልደመደሙም። እኔ ግን ልጄን አሰብኩት። ጨቅላ በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል። የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። አፍንጫው ከፍራሹ የሚርቀው ደግሞ በጣት ቢለካ ነው።

ስለ ልባሱም አነበብኩ። ብዙዎቹ የሕፃን ፍራሾች ሽንት እንዳያሳልፉ ተብለው ሌዘር መሳይ ፕላስቲክ ይለብሳሉ። ያ ፕላስቲክ ፒቪሲ ከሆነ በተፈጥሮው ደረቅ ነው። እንዲለሰልስ ፍታሌት የሚባል ነገር ይጨመርበታል፣ ፍታሌቱ ደግሞ ከፕላስቲኩ ጋር ስለማይጣበቅ እየወጣ ይሄዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ በልጆች ዕቃ ላይ ዋና ዋናዎቹን ከ0.1 በመቶ በላይ ከልክላለች። እኛ አገር ሱቅ ውስጥ ቆሜ ይሄ የቱ ነው ብዬ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

በሌላ ሱቅ ከውጭ የመጣ አንድ ፍራሽ አገኘን። ሽታውም ቀለል ያለ ነው። «ኦኮ ቴክስ ስታንዳርድ 100» የሚል ምልክት አለው። ምልክቱ ጨርቁ ለጎጂ ኬሚካሎች ተመርምሯል ማለት ነው፤ አንደኛው ክፍል እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ልጆች የተመደበው ነው። ደስ አለኝ። ቁጥሩን እዚያው ስልኬ ላይ አስገባሁ። ምስክር ወረቀቱ የተሰጠው ለላይኛው ጨርቅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለ ውስጡ ስፖንጅ አንድም ቃል የለም። ምልክት ያለበት ዕቃ የምትገዙ ካላችሁ ቁጥሩን አስገቡ፤ የቱ ክፍል እንደተመረመረም እዩ። ደቂቃ አይፈጅም።

ይሄን ሁሉ ለእማዬ በስልክ ነገርኳት። ሳታስጨርሰኝ «ጥጥ እያለልሽ?» አለች።

እኔ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ያ ግቢ ዛሬ የለም። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ ግን «ፍራሽ አዳሽ!» የሚለው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እማዬ በሩን ከፍታ ትጠራዋለች። ፍራሹ ይቀደዳል፣ በዓመት ውስጥ እንደ ድንጋይ የጓጎለው ጥጥ አንሶላ ላይ ይፈሳል፣ በዱላ ይደበደባል። እኛ ልጆቹ አቧራውን ሽሽት ደጅ እንወጣለን። ማታ ፍራሹ ላይ ስንወጣ እንደ ትኩስ ዳቦ ተነፍቶ ይጠብቀናል። የፀሐይ ሽታ ይሸታል። ልጄን እንደዚያ የሚሸት ነገር ላይ ላስተኛው አሰብኩና እንባዬ መጣ።

እማዬ ጊዜ አላጠፋችም። ፍሬው የወጣለት አዲስ ጥጥ ገዛች። አቡጀዲ ገዛች፤ አዲስ አቡጀዲ ስታርች ስላለው በሙቅ ውሃ ሁለቴ አጥባ አሰጣችው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ፍራሽ አዳሽ ፈልጋ አገኘች። ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ጥጡን በእጃቸው እየፈለቀቁ፣ እየነፉ፣ ጥግ ጥጉን በጡጫ እየጠቀጠቁ ሞሉት። በወፍራም መርፌ መሐል መሐሉን ወጋ ወጋ አድርገው አሰሩት። «ለልጅሽ ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው «ማርያም ትቅረብሽ» ብለው መረቁኝ። ለድካማቸው ከተነጋገርነው በላይ ልስጥ ብል እንኳን እምቢ አሉ። ሽታ የሚባል ነገር የለውም። አቅፌው ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ሳምንት ቆይቶ የእርግዝና ክትትሌ ነበር። ጤና ጣቢያ ሲስተሯ እየለካችኝ «የት ነው የምታስተኚው?» አለች። ስለ ጥጡ በኩራት ነገርኳት። ፈገግ አለች። ከዚያ «ጠንካራ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። መዳፏን የምርመራ አልጋው ላይ ጫን አድርጋ አነሳች። «እንዲህ አድርጊው። የእጅሽ ቅርጽ ከቀረ ለጨቅላ አይሆንም።»

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ሞከርኩት። አምስቱም ጣቶቼ ጥጡ ላይ ቀሩ። እዚያው ቆሜ አየኋቸው። ቀስ ብለው እንኳን አልሞሉም።

የሲስተሯን ነገር ደግሞ አነበብኩ። ጨቅላ አንገቱን ደህና አድርጎ ማንሳት አይችልም። በሆዱ ተገልብጦ ፊቱ ለስላሳ ነገር ውስጥ ከገባ፣ ያወጣው ትንፋሽ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ መልሶ ያንኑ ይስባል። ኦክስጅኑ እያነሰ ይሄዳል። ልጁ አያለቅስም፤ ዝም ብሎ ነው። ስለዚህ ነው ሐኪሞች ጠንካራ ፍራሽ፣ ጠፍጣፋ፣ በጀርባ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ወፍራም ልብስ የሚሉት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ልጆችን በጀርባ አስተኙ የሚል ዘመቻ ከጀመረች በኋላ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል። በግማሽ። ይህቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽታ ስሸሽ ነበር። ልስላሴ አይሸትም። ስለዚህ አላሰብኩትም።

ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት ሁለት ቀን ጨነቀኝ። ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «አንቺን በምን ያሳደግኩሽ መሰለሽ?» አለች። «እማ፣ እኔ እኮ ካንቺ ጎን ነበር የተኛሁት። ስገለበጥ ትነቂ ነበር» አልኳት። ይሄ እውነት ነው። የሷ እጅ እኔ ላይ ነበር። የኔ ልጅ የሚተኛው እኛ ክፍል ውስጥ፣ ግን የራሱ አልጋ ላይ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲህ ይሁን ነው የሚባለው። ሌሊቱን ሙሉ እጄ እሱ ላይ አይሆንም። ፍራሹ ራሱ ሊጠብቀው ይገባል። «እሺ ልጄ» አለች። ቅር እንዳላት ግን ድምፅዋ ይናገራል። አሁንም ድረስ ይከነክነኛል።

ጥቅምት 16 መርካቶ ገባን። ስፖንጅ በልክ የሚቆርጡ ሱቆች ዘንድ ማለት ነው። ሻጩ ሦስት ዓይነት አሳየን። አንዱ ነጭና ቀላል፣ በሁለት ጣት ሲጫን የሚሰምጥ። አንዱ ከበድ ያለ። ሦስተኛው ከአረንጓዴ፣ ከሮዝ፣ ከቢጫ ቁርጥራጭ ተጨፍልቆ በሙጫ የተጣበቀ። «ይሄ ነው ጠንካራው፣ ዕድሜ ልክ ነው» አለን ሻጩ ሦስተኛውን እየመታ። እውነትም ጠንካራ ነው። ግን ቁርጥራጩ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? የድሮ ስፖንጅ እሳት እንዳይዘው የተጨመሩበት ኬሚካሎች ነበሩ። ከነዚያ መሐል አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት የታገዱ ናቸው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ተውኩት።

ሁለተኛውን ያዝን። ሻጩ «ዴንሲቲው ከፍተኛ ነው» አለ። ዴንሲቲ ማለት ክብደቱ ነው፤ ጥንካሬ ሌላ ነገር ነው። ከባድ ሆኖ ለስላሳ ስፖንጅ አለ። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ መዳፌን ጫንኩ፤ አንድ፣ ሁለት ሳልል ተመለሰ። ሻጩ ረጅም ቢላውን ስሎ 60 በ120 ቆረጠልን፣ ውፍረቱ 10። ቤት ስናገባው ባለቤቴ በአልጋው ጠርዝና በፍራሹ መሐል ጣቱን ሰደደ። አንድ ጣት በግድ ገባ። ሁለት ጣት ከገባ ሰፊ ነው፤ የልጅ ፊት ሊሰነቀር ይችላል።

ሽታው ነበረው። እንደ መጀመሪያው አይሁን እንጂ ነበረው። በረንዳ ላይ ጥላ ውስጥ አቆምነው። እማዬ ፀሐይ ይምታው ብላ ነበር፤ ለጥጥ ልክ ናት። ስፖንጅ ግን ፀሐይ ሲበዛበት ቢጫ ይሆናል፣ ይፈረፈራል፣ ዱቄቱ ደግሞ ልጅ ሳንባ ይገባል። ንፋስ ነው የሚያስፈልገው። በየጠዋቱ እየገለበጥኩ አሸተትኩት። በሁለት ቀን አልለቀቀም። በአንድ ሳምንት ቀነሰ፣ በሦስተኛው ተጠግቼ ካልሆነ አይታወቅም ነበር።

ኅዳር 12 ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ወደ ቤት አስገባሁት። ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማውን ከጨረሰ ጀምሮ የአዲስ አበባ ሰው በዚህ ቀን ቆሻሻ ያቃጥላል። ልጅ ሆኜ እሳቱ ዙሪያ የምዘል እኔ ነበርኩ። አሁን ከቆሻሻው ጋር ላስቲክም ስለሚነድ ጭሱ ጥቁር ነው። ስፖንጅ ጭስ ይጠጣል። መስኮቱን ዘግቼ፣ ፍራሹን መኝታ ቤት አቁሜ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ቆየሁ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ የመጨረሻውን ፈተና አደረግንለት። አውስትራሊያውያን ቤት ውስጥ የሚሞከር ዘዴ አላቸው። 12 ሲዲ ይደረደርና ልጁ በሚተኛበት ቦታ ይቀመጣል። በላዩ ላይ ሙሉ የአንድ ሊትር ካርቶን ይጋደማል፣ ጫፉ ከሲዲው 4 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ ተደርጎ። ሌላ ሙሉ ካርቶን ይደረብበታል። የወጣው ጫፍ ፍራሹን ከነካ ፍራሹ ለስላሳ ነው። ባለቤቴ ከመሳቢያ ውስጥ ማንም የማይሰማቸውን የድሮ ሲዲዎች አወጣ። ሁለት የጁስ ካርቶን ደረብን። መሬት ላይ ተንበርክኮ ወረቀት ከጫፉ ሥር አሳለፈ። ወረቀቱ ሳይነካ ወጣ። ተያየን። ከዚያ የጥጡን ፍራሽ አምጥቶ ሞከረው። ካርቶኑ ወዲያው ሰምጦ ተጋደመ።

ለሽንቱ ፒቪሲ አልገዛሁም። ፖሊኢትሊን የሚባለው ስስ ላስቲክ ማለስለሻ አያስፈልገውም፤ እሱን ስፖንጁ ላይ ጥብቅ አድርገን እናለብሰዋለን። በላዩ የታጠበ አቡጀዲ ይሆናል።

እማዬ ትናንት ጓዟን ይዛ መጣች። እስክወልድና አራስ ቤት እስክወጣ እኛ ጋ ነች። ጓዟን እንኳን ሳታስቀምጥ ወደ አልጋው ሄደች። ፍራሹን ከበረንዳ አስገብቼ አሳየኋት። እጇን ጫን አድርጋ አነሳች፣ ደግማ ጫነች። «ድንጋይ ነው» አለች። ዝም አልኳት። ከዚያ የጥጡን ፍራሽ ከአልጋው ግርጌ ወለሉ ላይ አነጠፈችና ተቀመጠችበት። «እኔ እዚህ ነኝ። ጡት ስታጠቢው፣ ገላውን ስታጥቢውም ተቀምጬ እቀበልሻለሁ» አለችኝ።

አሁን ይሄን ስጽፍ እዚያው ላይ ተቀምጣ የአቡጀዲውን አንሶላ እየሰፋች ነው። ዙሪያውን ላስቲክ ታስገባበታለች። ልኩን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ላላ ላድርገው፣ ለማውለቅ እንዲመችሽ?» አለች።

«አይ እማ፣ ጠበቅ አድርጊው» አልኳት።