«አልተኮስኩም» ወይስ «አልተኮስኩበትም»፦ ሾሄይ ኦኦካን ስተረጉም

ጃፓናዊውን ደራሲ ሾሄይ ኦኦካን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመመለስ ስነሳ ያስቀደምኩት የተሳሳተውን መጽሐፍ ነበር። በ1951 (ዓመቶቹና ቀኖቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጨረሰውን «የሜዳ እሳት» የተባለ ልቦለዱን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሙራ የሚባል ተራ የጃፓን ወታደር ሳንባውን ታሞ ፊሊፒንስ ውስጥ ባለችው ሌይቴ ደሴት ላይ የጦር ክፍሉ ያባርረዋል፤ ሆስፒታሉም ስንቅ ስለሌለው አይቀበለውም። ከዚያ በኋላ ያለው ረሃብ ነው፤ የሰው ሥጋ እስከመብላት የሚያደርስ ረሃብ።

ልቦለዱ የሚከፈተው በዳዊት ቃል ነው፦ «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ»። ይህን መስመር ለመተርጎም አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግኩት ነው። ጥፋቱም የጀመረው እዚያው ላይ ነው። የተቀረውንም በዚያው ዜማ ቀጠልኩ። ሦስት ወር ሠርቼ መልሼ ሳነበው ታሙራ እንደ ሙሾ አውራጅ ይናገራል። ደራሲው ግን ሙሾ አያወርድም። ልክ እንደ መርማሪ ሐኪም፣ የገዛ አእምሮውን ጭምር ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው። ሥራውን አቆምኩና ከጦርነቱ ከተመለሰ በኋላ በ1948 ማውጣት ወደ ጀመረው የምርኮ ማስታወሻው ሄድኩ። መጀመሪያ ይህን ማንበብ ነበረብኝ።

ኦኦካ በ1909 ቶኪዮ ተወለደ፤ ኪዮቶ የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ተማረ። ከጦርነቱ በፊት ፈረንሳዊውን ደራሲ ስታንዳልን የሚተረጉምና ስለ እሱ የሚጽፍ፣ ኮቤ ውስጥ በአንድ የኦክስጅን ኩባንያ በተርጓሚነት የሚሠራ የቢሮ ሰው ነበር። በ1944፣ በ35 ዓመቱ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ለውትድርና ተጠራና ፊሊፒንስ ውስጥ ወዳለችው ሚንዶሮ ደሴት ተላከ። ሥራው የምስጢር መልእክት መፍታት ነበር። አሜሪካኖች ታኅሣሥ 15 ቀን 1944 ሲያርፉ ክፍሉ ወደ ተራራ ሸሸ፤ እሱም በወባ ወደቀ። የሚንዶሮን ካርታ በእርሳስ ስዬ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጠፍኩት። በእርግጥ ጠቅሞኛል፦ ሳን ሆሴ የት እንደሆነ፣ ባሕሩ ከተራራው በየት በኩል እንደሚታይ ሳላውቅ የጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ተሰርዘዋል።

የመጽሐፉ ልብ ግን አንድ አፍታ ነው። ኦኦካ ብቻውን ታሞ ሣር ውስጥ ተኝቷል። ጠላት ቢመጣ እንደማይተኩስ አስቀድሞ ወስኗል። አንድ ጉንጩ የቀላ ወጣት አሜሪካዊ ወታደር ሳያየው ወደ እሱ ይመጣል። አይተኩስም፤ ልጁም ሌላ አቅጣጫ ተኩስ ሲሰማ ዞሮ ይሄዳል። ከዚያ ደራሲው ገጽ በገጽ «ለምን?» እያለ ራሱን ይመረምራል። ሰብአዊነት ነው? አባትነት ነው? ከልጁ ውበት የተነሣ ነው? የሚቀርብለትን መልስ ሁሉ ይጠራጠራል።

እኔ ግን በመጀመሪያው ረቂቄ «ራራሁለት» ብዬ ገላገልኩት! ያቆመኝ ኦኦካ ከምዕራፉ በላይ ያኖረው ጥቅስ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው መነኩሴ ሺንራን ለደቀ መዝሙሩ የተናገረው ቃል ነው፤ በአጭሩ፣ የማትገድለው ልብህ ደግ ስለሆነ አይደለም ይለዋል። «ራራሁለት» ስል ኦኦካ ለራሱ የነፈገውን ምስክርነት እኔ እየሰጠሁት ነበር። ቃሉን ከሙሉ ረቂቁ አወጣሁት።

ቀጥሎ ግሱ ራሱ አስቸገረኝ። በአማርኛ «አልተኮስኩም» ስንል ፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ላይኖር ይችላል። «አልተኮስኩበትም» ስንል ግን ልጁ ግሱ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። የኦኦካ ጥያቄ ደግሞ በትክክል በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፦ የወሰነው ማንንም ከማየቱ በፊት ነው፤ የሆነው ግን ልጁን ካየ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጁ እስኪታይ ድረስ «በት»ን ከለከልኩ፤ ከታየ በኋላ ብቻ ፈቀድኩ። በዚህ ሥራ ከወሰንኳቸው ነገሮች ሁሉ የምተማመንበት ይህን ነው።

ረቂቁን ለአጎቴ አነበብኩላቸው። በኦጋዴኑ ጦርነት ተማርከው፣ 11 ዓመት ሶማሊያ ታስረው በእኛ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. የተመለሱ ወታደር ናቸው። አንድ ቦታ ላይ፣ ልጁ ሲቀርብ የኦኦካ እጅ ሳያዝዘው ሄዶ ጠመንጃው ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚይዘውን ነገር ይፈታል። ከመዝገበ ቃላት አጣምሬ ረጅም ስም ሰጥቼው ነበር። አጎቴ አስቆሙኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

አስረዳኋቸው።

«ሴፍቲ በለው፤ በሌላ ስም የሚጠራው ወታደር አላውቅም» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «እጁ የሄደበትን እስቲ ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። እንደገናም አስደገሙኝ።

«ምርኮኛ» የሚለውን ቃል ከእሳቸው ፊት ማንበብ ግን ከበደኝ። ኦኦካንም የተከተለው ይኸው ቃል ነው። በ1941 የወጣው የጃፓን ጦር የምግባር መመሪያ ወታደር በሕይወት ተይዞ የምርኮኛን ውርደት እንዳይቀበል ያዝ ነበር። እሱ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ቦምቡ አልፈነዳለትም፤ ጥር 25 ቀን 1945 ራሱን ስቶ ተያዘ። በ1971 የጃፓን የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባል ሁን ሲባል ምርኮኛ የነበረ ሰው ከመንግሥት ክብር አይቀበልም ብሎ እምቢ አለ። በዚያው ዓመት ስለ ሌይቴ ውጊያ የጻፈው ትልቅ ታሪክ በመጽሐፍ ወጣ። ወደ 80,000 የሚጠጋ የጃፓን ወታደር ባለቀበት ደሴት የየክፍሉን እንቅስቃሴ እየተከተለ የጻፈውን ይህን ሥራ መታሰቢያነቱን ለሞቱት ወታደሮች ሰጠ። እንደ መርማሪ ሐኪም ያልኩት ሰው ብዕሩ ቁጥርና ቀን እያጣራ ሲያለቅስ እንደኖረ የገባኝ ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው።

አሁን «የታክሎባን ዝናብ» የሚለው ምዕራፍ ላይ ነኝ፤ ሌይቴ፣ የምርኮኞች ሆስፒታል። አጎቴ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቡና በኋላ ይጠብቁኛል። «ምርኮኛ»ን አልለወጥኩትም። እሳቸው ናቸው እንዳለ ተወው ያሉኝ።