ዘጠኝ የሰጠሁት ሰውዬ

ትናንት ማታ ክርክሩ ሲያልቅ ወረቀቴን ይዤ ተነሳሁ። የቆየ አመሌ ነው። እጩዎች በቴሌቪዥን ሲከራከሩ እንደ ዳኛ ቁጭ ብዬ ነጥብ እይዛለሁ። ድምፅ፣ የቃላት አመራረጥ፣ የሰዓት አጠቃቀም፣ መንተባተብ። ሁሉም ተደምሮ ከ10።

ሰውዬውን ዘጠኝ ሰጠሁት። አንደበቱ እንደ ውሃ ይፈስሳል። አንዴም «እ…» አላለም። ሁለት ደቂቃው ሊሞላ ሲል ነገሩን ቋጭቶ ዝም ይላል። ሴትየዋን ስድስት። ትንሽ ትደናቀፋለች። አንድ ቁጥር ተሳስታም ራሷን አርማለች።

ታናሽ እህቴ ስልኳን እየነካካች፣ «ማን አሸነፈ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«እሺ፣ ምን አለ ታዲያ?»

አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣ ነገር የለም። ስለ ሥራ አጥነት የሆነ ነገር ብሏል። «አዲስ ምዕራፍ» የሚል ነገርም ነበረው። በቃ። ስድስት የሰጠኋትን ሴትዮ ግን፣ ያለችውን አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። እህቴ ሳቀችብኝ። በጣም ተናደድኩ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ልክ ነበረች።

ዛሬ ቀረጻውን ድጋሚ አየሁት። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ። ስክሪኑ ለሁለት ስለተከፈለ አንዱ ሲናገር ሌላው ይታያል። ማታ ዓይኔ ተናጋሪው ላይ ብቻ ነበር። ለካ ትልቁ ነገር ያለው በዝምተኛው በኩል ነው! እሷ ስትናገር ሰውዬው ካሜራውን እያየ ፈገግ ይላል፣ ወረቀቱን ያስተካክላል። እሱ ሲናገር እሷ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

ቀጥዬ ስክሪኑን በጨርቅ ሸፍኜ ሰማሁት። የተደናቀፈችባቸውን ቦታዎች ቆጠርኩ። አምስት ናቸው። አራቱ እሱ ያን ጊዜ ለተናገረው ነገር መልስ ስትሰጥ የመጡ ናቸው። ማለትም እዚያው እያሰበች ነበር። እሱ ያልተደናቀፈው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ለማንም አልመለሰም። የተጠየቀውን አንድ ዓረፍተ ነገር ነካ ያደርግና ወደ ሸመደደው ይገባል። የሸመደደ ሰው ምን ያደናቅፈዋል?

የድሮ ተከራካሪዎችንም ሳስባቸው የማስታውሰው በአብዛኛው ዝም ያሉበትን ነው። በ1992 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) በአሜሪካ የፕሬዚዳንት እጩዎች ክርክር፣ ሪችመንድ ከተማ ላይ፣ አንዲት ሴት የኢኮኖሚው ችግር እናንተን በግል እንዴት ነካችሁ ብላ ስትጠይቅ አባትየው ቡሽ ሰዓቱን አየ። ክሊንተን ግን ወደ ሴትየዋ ጠጋ ብሎ አንቺንስ እንዴት ነካሽ አላት። በ2000 ደግሞ አል ጎር፣ ልጅየው ቡሽ ሲናገር በረጅሙ ሲተነፍስ ማይክራፎኑ ያዘው። ከዚያ በኋላ ስለ ነጥቦቹ ከተወራው ይልቅ ስለ ትንፋሹ የተወራው ይበዛል። በ1976 ፊላዴልፊያ ላይ ጭራሽ ድምፅ ተቋረጠ። ፎርድና ካርተር 27 ደቂቃ ገደማ እንደ ሐውልት ተገትረው ቆሙ። አንዳቸውም ሄደው ሌላውን ለማናገር አልደፈሩም። ያንን ብዳኝ ለሁለቱም ስንት እንደምሰጥ እንጃ።

የ1960ውን የኬኔዲንና የኒክሰንን ነገር ሰው ሁሉ ያነሳዋል። በሬዲዮ የሰሙት ኒክሰን አሸነፈ አሉ፣ በቴሌቪዥን ያዩት ኬኔዲ። እኔም ለስንቱ ሰው አውርቼዋለሁ። ማስረጃው ግን ሲያዩት በጣም ስስ ነው። ኒክሰን በጉልበቱ ሕመም ሆስፒታል ከርሞ፣ ከስቶና ገርጥቶ መቅረቡ ግን እውነት ነው። ላቡም በስክሪን ታይቷል። ታሞ የመጣን ሰው በላቡ መዳኘት ደግሞ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው?

መዘጋጀት ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። በ1984 ሬገን 73 ዓመቱ ነበር። ጋዜጠኛው ዕድሜህ አያሰጋህም ወይ ብሎ ጠየቀው። የተፎካካሪዬን ወጣትነትና የልምድ ማነስ ለፖለቲካ ጥቅም አላውለውም ብሎ መለሰ። ተፎካካሪው ሞንዴል ራሱ ሳቀ። ቀልዷን ከቤቱ አምጥቷትም ሊሆን ይችላል። ግን ለተጠየቀው ጥያቄ ልክክ ያለች ነበረች። የኔ ባለ ዘጠኝ ሰውዬ ያጣው ይህንን ነው።

ወረቀቴን አውጥቼ የመንተባተብን ዓምድ ሰረዝኩት። በምትኩ «ምን አለ?» ብዬ ጻፍኩ። እህቴ ስታየው የፈጠራ ክፍያ ይገባኛል አለች።

አዲሱ ውጤት፦ ሰውዬው ስድስት፣ ሴትየዋ ሰባት ተኩል። ስምንት ልሰጣት እጄ ሄዶ ነበር። ግን የመዝጊያ ንግግሯን ሳትጨርስ ሰዓቱ ቆረጣት። የሰዓት ነገር ላይ እንኳን አልደራደርም።