ካቴናውን ማላላት የተማርኩበት እሑድ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሞተሬን ግቢ አቁሜ ካቴናውን፣ ማለትም የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ ለአራተኛ ጊዜ በራሴ እጅ አስተካከልኩ። በፊተኞቹ ሦስት ጊዜያት ተሳስቻለሁ። የተሳሳትኩትም በአንድ ነገር ነው፤ ካቴና በጠበቀ ቁጥር ጥሩ ይመስለኝ ነበር። ሞተር ከምትነዱ ጓደኞቼም ብዙዎቻችሁ እንደዚያው ስታደርጉ አይቻለሁና፣ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍላችሁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ቤቴ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው፤ ሥራዬ ግን ብዙውን ጊዜ በአዘዞ በኩል ወርጄ ደምቢያ ውስጥ ነው። ሞተሬ ለአስፋልትም ለጠጠርም የተሠራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ የኋላ ሞላው ረጅም የሆነ ዓይነት ነው። ከቆላ ድባ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ስገባ በበጋ አቧራው፣ በክረምት ዋልካው ካቴናው ላይ ይሠራል። ዋልካ ምን እንደሚያደርግ ለምታውቁት መናገር አያስፈልገኝም፤ ካቴናው በሚዞርበት ባለጥርስ ብረትና (ጥርስ በምንለው) በካቴናው መካከል ገብቶ ሲደርቅ ሸክላ ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ ካቴናዬን ያጠበቀልኝ አንድ ጋራዥ ነበር። «ወጥሬልሃለሁ፣ አታስብ» ተብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከዚያ ኅዳር 2017 ላይ የዳዶ መፍቻ ገዝቼ ራሴ ጀመርኩ፤ ያንኑ ውጥረት ልክ ነው ብዬ ይዤ ሁለት ጊዜ ደጋገምኩት። ሚያዝያ ላይ ከፊት ጥርሱ ሽፋን ሥር ዘይት መንጠብጠብ ጀመረ። ሽፋኑን ከፍቼ ጥርሱን በእጄ ስነቀንቀው ዘንጉ አብሮ ይወዛወዛል። ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ ሄዷል፤ ዘይቱን የሚከለክለው ጎማም አብሮ ተበልቷል። ያን ለማስቀየር ሞተሩ መከፈት ነበረበት፤ ወጪው አሁንም ያመኛል። የከፈቱት አዛውንት መካኒክ ካቴናውን በጣታቸው ጫን አድርገው፣ «ልጄ፣ ካቴና እንደ ክራር አይቃኝም» አሉኝ። ያኔ ነገሩ ገና አልገባኝም ነበርና ሦስተኛውንም አበላሸሁት፤ ትንሽ ብቻ አላልቼ በቃኝ አልኩ።

የገባኝ እሑድ ዕለት ነው። የኋላ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ወደ ላይ ይወጣል። ጎማውን የያዘው ክንድ የሚታጠፈው የፊት ጥርሱ ባለበት ቦታ ሳይሆን ከእሱ ትንሽ ኋላ ባለ ቡሎን ላይ ነው። ስለዚህ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ በፊት ጥርሱና በኋላው ጥርስ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። ሦስቱ፣ ማለትም የፊት ጥርሱ መሐል፣ የክንዱ ማጠፊያ ቡሎንና የኋላ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ (ፔርኖው)፣ በአንድ መስመር ሲውሉ ርቀቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ካቴናውም ያኔ ነው ከሁሉ በላይ የሚወጠረው። ሞተሩ ቆሞ ልል የሚመስለው ካቴና እኔ ስቀመጥበት ይጠብቃል፤ የመድኃኒት ሳጥኑን ጭኜ ጉድጓድ ስመታማ ይብሳል። በቆመበት የወጠርኩት ካቴና እዚያ ላይ ሲደርስ መሄጃ ስለሌለው የሚጎትተው ኩሽኔታውን ነው።

ይህን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብዬ የአከራዬን ልጅና ጓደኛውን ጠራሁና ኮርቻው ላይ አወጣኋቸው። እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ልጆቹን ወዴት ልትወስዳቸው ነው?» አሉ። «የትም አይደለም እትዬ፣ ክብደታቸውን ነው የፈለግሁት» አልኳቸው። ሲባጎ ወስጄ አንዱን ጫፍ የፊት ጥርሱ መሐል ላይ፣ ሌላውን ፔርኖው ላይ ወጥሬ ያዝኩ። ሞተሩ ባዶ ሳለ ሲባጎው ከማጠፊያው ቡሎን በታች ነበር። ልጆቹ ሲቀመጡ ቀረበ፤ አሁንም አንድ ጣት ያህል ቀረው። እትዬ ራሳቸው ናቸው «ጤፉን ጨምርበት» ያሉኝ። ግማሽ ኩንታሉን ከኋላ ጫንኩ። ሲባጎው ቡሎኑ መሐል ላይ ገጠመ። ያኔ ካቴናውን ከታች በጣቴ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። እንደ በር መቀርቀሪያ ደርቆ ነበር። ሦስት ጊዜ አስተካክያለሁ ያልኩትን ነገር በጣቴ ጫፍ የዳሰስኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባሁ። ልጆቹ ወረዱ፣ ጤፉም ወረደ። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፤ ማርሹን ፎሌ አደረግሁ። ቁልፉ ላይ የምጨክነው ስላየሁ ነው፤ ሞተር አስነስቶ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ በሚሽከረከር ካቴና ላይ ጨርቅ የሚይዝ ልጅ አይቼ በጩኸት አስቁሜዋለሁ። ጨርቁን ጥርሱ ከያዘው ጣትም አብሮ ነው የሚሄደው። ጎማውን በእጅ ማዞር ይበቃል።

ማጽዳቱን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው የምሠራው። ቤንዚን አልጠቀምም፤ እሳቱም ያሰጋል፣ ትናንሽ የጎማ ቀለበት ያለው ካቴና ከሆነም ቀለበቱን ያበላሻል። ቀለበቶቹ በውስጡ ያለውን ግራሶ የሚጠብቁ ናቸውና እነሱ ከሄዱ ካቴናውም ሄደ ማለት ነው።

ልኬቱ እንዲህ ነው። በታችኛው መስመር፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል እኩሌታው ላይ፣ ካቴናውን ወደ ታች ከዚያም ወደ ላይ ገፍታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄደውን በማስመሪያ ትለካላችሁ። የእኔ 20 ሚሊ ሜትር ነበር። ክንዱ ላይ ያለው ተለጣፊ ግን ከ35 እስከ 45 ይላል፤ በጎን መቆሚያው ቆሞ ሲለካ ማለት ነው። ያ ተለጣፊ ሁሌም እዚያው ነበር፤ ከጭቃው ሥር። የእናንተ ሞተር ቁጥሩም አለካኩም ሊለይ ስለሚችል የራሳችሁን አንብቡ። አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁም አትተዉት፤ ጎማውን ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ለኩ። የእኔ በጠበቀው ቦታና በላላው መካከል 8 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለው፤ አበላሉ እኩል አይደለም ማለት ነው። የሚስተካከለው በጠበቀው ቦታ ነው።

የፔርኖውን ኮፒሊያ፣ ማለትም ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ሽቦ፣ አውጥቼ ትልቁን ዳዶ አላላሁ፤ ከዚያ በግራና በቀኝ ያሉትን የማስተካከያ ቡሎኖች መያዣ ዳዶ። ቡሎኖቹን ከዳዶው ስድስት ጎን አንድ ጎን ብቻ እያዞርኩ ነው የሄድኩት፣ ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ። ፔርኖው በትንሹ ሲንቀሳቀስ የካቴናው ልልነት በብዙ ይለወጣልና መቸኮል አያዋጣም። እያላላችሁ ከሆነ ጎማውን ወደ ፊት በእግራችሁ ገፋ አድርጉት፣ አለዚያ ባለበት ይቀራል። ክንዱ ላይ ያሉትን የተቀረጹ ምልክቶች አላመንኳቸውም፤ በሲባጎው ከማጠፊያው ቡሎን እስከ ፔርኖው መሐል በሁለቱም ጎን ለካሁ። ምልክቶቹ እኩል ናቸው ሲሉ በቀኝ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። የኋላ ጥርሴ አንድ ጎኑ ብቻ ለምን እንደሚበላ ያን ጊዜ ታወቀኝ።

ዳዶውን ስታጠብቁ ልኬቱ ይለወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የተጠቀለለ ጨርቅ በካቴናውና በኋላው ጥርስ መካከል አስገብታችሁ ጎማውን ወደ ኋላ ስታዞሩት ፔርኖው ወደ ፊት ተስቦ ማስተካከያው ላይ ይጠብቃል፤ እንደዚያ እንዳለ ዳዶውን አጥብቁት። ከዚያ ጨርቁን አውጥታችሁ እንደገና ለኩ። ኮፒሊያው ሁሌም አዲስ ይሁን። የኋላ ፍሬኑ ከበሮ ከሆነ ጎማው ቦታ ሲቀይር የፍሬን ዘንጉም አብሮ ይለወጣል፤ ፔዳሉን ረግጣችሁ ሳታዩ ከግቢ አትውጡ። ካቴናው የሚገናኝበት ቅንጥብ ካለውም የተዘጋው ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን።

ከጨረስኩ በኋላ ልጆቹንና ጤፉን እንደገና ጫንኩ። ሲባጎው መስመር ላይ ሲገጥም ካቴናው አሁን 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። አውርጄ በጎን መቆሚያው ስለካ 40። ተለጣፊው ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣ በእጄ አገኘሁት።

የካቴናውንም ዕድሜ ለካሁ። የእኔ 428 ነው፤ የመጀመሪያው 4 ከፒን ፒን ያለው ርቀት ከኢንች ስምንተኛዎች አራቱ፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይነግራል። ስለዚህ ወጥሬ 21 ፒን ስቆጥር ከመጀመሪያው መሐል እስከ መጨረሻው መሐል 254 መሆን ነበረበት፤ የእኔ 257 ሆኗል። ብረቱ ተስቦ አይደለም፣ ፒኖቹና ማቀፊያቸው ተበልተው ነው። 259 ሲደርስ ከሁለቱ ጥርሶች ጋር አብሬ እቀይረዋለሁ፤ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው።

የማርሽ ዘይት በውስጠኛው ጎን ቀብቼ፣ ትርፉን በጨርቅ ጠርጌ አሳደርኩት። ሰኞ ቆላ ድባ ደርሼ ተመለስኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ዝምታውን ነው፤ ነዳጅ ስቀንስ የነበረው ጉርምርምታ የለም። ዛሬ ቅዳሜ፣ ከ310 ኪሎ ሜትር በኋላ ለካሁት፦ 41።