ማቴራ ዋና ከተማ አይደለችም

ነገሩ የጀመረው ጣልያንኛ ኮርስ ላይ ነው። ለትምህርት ቦሎኛ ከመጣሁ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ አስተማሪያችን አንድ ጠዋት ምንም ያልተፃፈበት የጣልያን ካርታ አደለችንና ሃያዎቹን ክልሎች ከነዋና ከተማቸው ሙሉ አለችን። እኔ ደሞ የልብ ልብ ተሰማኝ፣ የጣልያንን ከተሞች ገና አዲስ አበባ እያለሁ ከሴሪ አ እግር ኳስ ለቅሜ ጨርሻቸዋለሁ፣ ፒዬሞንቴ ቶሪኖ፣ ሎምባርዲያ ሚላኖ፣ ሊጉሪያ ጄኖቫ፣ ካምፓኒያ ናፖሊ እያልኩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካርታው ሞላ ማለት ይቻላል። ወረቀቱ ሲመለስ ግን አራት ቦታ ቀይ እስክሪብቶ አለበት።

አብሩዞ ላይ ፔስካራ ብዬ ነበር፣ ለካ ላኩዊላ ናት። ካላብሪያ ላይ ሬጆ ብዬ፣ ካታንዛሮ ናት። ባዚሊካታ ላይ ማቴራ ብዬ፣ ፖቴንዛ ናት። ሞሊዜን ደሞ ጭራሽ ባዶ ትቻታለሁ፣ ዋና ከተማዋ ካምፖባሶ ናት፣ እስከ 1963 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ድረስ ከአብሩዞ ጋር አንድ ክልል ነበረች፣ እና እዚህ ሀገር "ሞሊዜ የሚባል ነገር የለም" የሚል የታወቀ ቀልድ ስላለ አስተማሪዋ እሱን ሳቅ ብላ አለፈችልኝ።

ማታ ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። አባቴ አስራ አራቱን ክፍለ ሀገር እስካሁን በዜማ ነው የሚወጣው፣ ከፋ ጅማ፣ ባሌ ጎባ፣ አርሲ አሰላ፣ ጎጃም ደብረ ማርቆስ፣ አንዱንም ሳይዘል። "አንተ እዚያው እየኖርክ ሃያ ከተማ ያቅትሃል? እኛ እኮ በአርጩሜ ነው ያጠናነው" አለኝ። እኔ አርጩሜ ስለሌለኝ ሄጄ ላያቸው ወሰንኩ። የተሳሳትኳቸውን ብቻ።

በነገራችን ላይ ሬጆ ብዬ መፃፌ ያን ያህል ነውር አልነበረም። 1970 ላይ የክልል አስተዳደር ሲቋቋም ካታንዛሮ ዋና ከተማ ትሁን ሲባል የሬጆ ህዝብ መንገድ ዘግቶ፣ ባቡር አስቁሞ ለወራት አምፆ ነበር፣ ሰው ሞቷል፣ መጨረሻ ላይ መንግስት ታንክ ሁሉ አስገብቷል። በስምምነት ምክር ቤቱ ሬጆ፣ አስተዳደሩ ካታንዛሮ ሆነ። የዋና ከተማ ነገር የትም ሀገር ደም ያፈላል እንግዲህ። እነሱ እንደውም "ካፒታሌ" የሚሉት ሮማን ብቻ ነው፣ የክልሉን "ካፖሉዎጎ" ነው የሚሉት፣ ይሄንንም ተሳስቼ ታርሜያለሁ።

የፋሲካ እረፍት ላይ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ፈጣኑ ባቡር ለተማሪ ኪስ አይሆንም ስለዚህ በየመንደሩ የሚቆመውን የክልል ባቡር ያዝኩ። የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈርህ በፊት ጣቢያው ላይ ያለችው ትንሽ ማሽን ውስጥ ከተህ ማህተም ማስመታት አለብህ፣ እኔ መቼ አውቄ፣ ተቆጣጣሪው መጣ፣ ትኬቱን አገላብጦ አየና ሃምሳ ዩሮ ቅጣት። ገና አዲስ ነኝ አላወኩም ብዬ ብለማመጥ በትህትና ደረሰኙን ቆርጦ ሰጠኝ። ገንዘብ ያጠራቀምኩት በክልል ባቡር ነው ብዬ ነበር።

ሮማ አንድ ቀን ነው የቆየሁት። ኮሎሴዎንም ሌላውንም ሰው ሁሉ ስለሚያወራው አልደግመውም። እኔ የፈለኩት ፖርታ ካፔና የሚባለውን አደባባይ ነበር፣ የአክሱም ሃውልት ከ1937 ጀምሮ ተገትሮበት የነበረውን፣ ከፋኦ (የተባበሩት መንግስታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ህንፃ ፊት ለፊት። ሃውልቱ በ2005 ወደ አክሱም ተመልሷል፣ አደባባዩን መኪና ይሽከረከርበታል። አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሲሮጥ በዚህ በኩል ነው ያለፈው፣ ያኔ ሃውልቱ እዚሁ ቆሞ ነበር። ከዛ ተነስቼ ውድድሩ እስካለቀበት የቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው እንኳን ቅርብ ነው፣ ድንጋዩን እያየሁ ግን እሱ በምሽት በችቦ ብርሃን በዚህ ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ እኔ በስኒከር እግሬን አመመኝ ነው የምለው። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ ደሞ ስሙ "የአምስት መቶዎቹ" ነው፣ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ድል ባረጓቸው ወታደሮች ስም። ስንት ሀበሻ እዛ ጋ ቀጠሮ ይዞ ሰው ይጠብቃል፣ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያስበው ግን ጥቂቱ ነው።

ላኩዊላ በአውቶብስ ነው የሄድኩት፣ ተራራ ለተራራ። ከፍታዋ ሰባት መቶ ሜትር ገደማ ነው፣ ከጀርባዋ የግራን ሳሶ ተራራ በረዶውን ለብሶ ይታያል። በ2009 ሚያዝያ ወር ሌሊት የመሬት መንቀጥቀጥ መቷት 309 ሰው ሞቷል፣ እስካሁን ክሬን ያልጠፋበት ሰፈር አለ፣ አንዱ ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያበራል፣ ጎኑ ያለው በእንጨትና በብረት ተደግፎ ቆሟል። ዘጠና ዘጠኝ ቧንቧ የሚባል የድሮ ምንጭ አላቸው፣ ከተማዋ የተቆረቆረችው ከዘጠና ዘጠኝ መንደር በተሰበሰበ ሰው ነው ይላሉ፣ ውሃው ከድንጋይ ፊቶች አፍ ነው የሚወጣው፣ ልቁጠር ብዬ ስልሳ ላይ ተምታታብኝ። ከተማዋ ፀጥ ያለች ናት፣ ስሟን ግን ከእንግዲህ አልረሳውም።

ከዛ ወደ ሮማ ተመልሼ በሌሊት አውቶብስ ባሪ ገባሁ (ፑሊያ፣ ይቺን አግኝቻታለሁ)፣ ከባሪ ደሞ በትንሽዬ ባቡር ማቴራ። ማቴራ ላይ አፌ ተከፍቶ ነው የቀረው። ገደሉ ላይ የተፈለፈለ ቤት፣ በቤቱ ጣሪያ ላይ መንገድ፣ በመንገዱ ላይ ሌላ ቤት። ሳሲ ይሏቸዋል። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ሰው ከበቅሎውና ከዶሮው ጋር አንድ ዋሻ ውስጥ ነበር የሚኖረው፣ የሀገር ሀፍረት ነው ተብሎ በ1952 በወጣ ህግ ነዋሪው ወደ አዲስ ሰፈር እንዲወጣ ተደረገ፣ በ1993 ዩኔስኮ መዘገበው፣ በ2019 የአውሮፓ የባህል መዲና ሆነች። ያ የሀፍረት ዋሻ ዛሬ ሆቴል ሆኖ የአንድ ሌሊት ዋጋው የኔን የወር ቤት ኪራይ ግማሽ ነው። ከድንጋይ የተፈለፈሉ ቤተክርስቲያኖችም አሏቸው፣ ግድግዳው ላይ የቅዱሳን ስዕል ያለበት፣ ያምራሉ፣ ግን ላሊበላን ላየ ሰው ትንሽ ያስቸግራል፣ የነሱ ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ዋሻ ነው፣ የኛ ከላይ ወደ ታች ተጠርቦ ዙሪያውን የሚዞሩት ህንፃ። ይሄን ለአስጎብኚዋ ብነግራት ሁለተኛ አላናገረችኝም።

የሚገርመው ይቺ ሁሉ ውበት እያላት ዋና ከተማዋ ፖቴንዛ ናት። በአውቶብስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሄድኩ። ፖቴንዛ ከሁሉም የጣልያን የክልል ዋና ከተሞች ከፍታ ላይ ያለችው እሷ ናት፣ 819 ሜትር፣ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄ ቆላ ነው። ተራራ ላይ ስለተሰራች ከታች ሰፈር ወደ መሀል ከተማ የምትወጣው በአሳንሰርና በኤስካሌተር ነው፣ ከአውሮፓ ረጅሙ የከተማ ኤስካሌተር የኛ ነው ይላሉ፣ አንዱን ጨርሰህ ትወርድና ሌላ፣ ከዛ ሌላ፣ ሰው የገበያ ዘንቢሉን ይዞ ቆሞ ይወጣል። ቱሪስት የሚባል የለም። ካሜራ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አጠገቤ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ካሜራዬን አይተው "ማቴራ ፈልገህ ነው አይደል? ተሳስተሃል፣ አውቶብሱ ከታች ነው" አሉኝ። አይ አባቴ እኔ ከማቴራ ነው የመጣሁት፣ ፖቴንዛን ለማየት ነው አልኳቸው፣ ፈተና ላይ ዋና ከተማዋን ማቴራ ብዬ ፅፌ እንደነበርም በተሰባበረ ጣልያንኛዬ አስረዳሁ። ጮክ ብለው ሳቁ፣ ከኛ በላይ ላሉት ሴትዮም ነገሯቸው፣ ሴትዮዋ ዞረው አዩኝ። ላይ ስንደርስ ክንዴን ይዘው ቡና ቤት አስገቡኝና ሂሳቡን ልክፈል ብል እምቢ አሉ።