የመጀመሪያው 200 ሜትር

ስድስት ወር ሙሉ ገንዳ ውስጥ ዋኘሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሳላጓድል። 750 ሜትር ሳላርፍ መዋኘት ለምጄው ነበር። ስለዚህ የወቅቱ የመጀመሪያ ትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚካሄዱበት ውድድር) ላይ ስመዘገብ ያሳሰበኝ ሩጫው ነው። ስለ ዋናው አንድም ሌሊት አልተጨነቅኩም። አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ "ገንዳና ሐይቅ ለየቅል ናቸው" ቢለኝ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ ባልጻፍኩ።

የተመዘገብኩት ስፕሪንት የሚባለው አጭሩ ርቀት ላይ ነው። 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ኦሎምፒክ ላይ ለብቻ የሚወዳደሩት የዚህን እጥፍ ነው የሚሄዱት። ምዝገባው ምንም አያስቸግርም። ዋዜማውን ጎማ ነፋሁ፣ ፍሬን ሞከርኩ፣ በጊዜ ተኛሁ። ጠዋት ብስክሌቴን ከዋና ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወደ ሩጫ የሚታለፍበት መቀያየሪያው ቦታ ላይ ሰቀልኩ። ሄልሜቱን መሪው ላይ አንጠለጠልኩ፣ የሩጫ ጫማዬን ከሥሩ አስቀመጥኩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

የውሃው ሙቀት 16 ዲግሪ ነው ተባለ። ሰምቼ አለፍኩት። አየሩ 16 ዲግሪ ሲሆን ሰው ሹራብ ደርቦ ይወጣል፣ ያም ያን ያህል አይከብድም። ውሃ ግን ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ነው። የለመድኩት ገንዳ ደግሞ 28 ዲግሪ ነበር። ይሄን ልዩነት ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩትም።

ከመነሻው በፊት ዋናው ዳኛ ሰብስቦን ማሳሰቢያ ሰጠ። የብስክሌቱን መንገድ በደንብ አስረዳ። ስለ ዋናው ሁለት ነገር ብቻ ተናገረ። አንደኛ፣ ሰዓት ስለሌለ ለማሟሟቂያ ውሃ ውስጥ መግባት አይቻልም። ሁለተኛ፣ "ጀልባ የያዘ ሰው ውድድሩ እዚያው አበቃ።" ማንም አልጠየቀም። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፊሽካው ሲነፋ የፊተኛው መስመር ላይ ነበርኩ። የገንዳ ሰዓቴ ጥሩ ስለነበር ቦታዬ እዚያ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ሮጬ ገባሁና ፊቴን ውሃው ውስጥ ነከርኩ። ያኔውኑ ደረቴ ተቆለፈ። አየር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶ ግን አይወጣም። ቶሎ ቶሎ እተነፍሳለሁ፣ አይበቃኝም። ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ። አንዱ እግሬን ጎተተኝ፣ ሌላው ጀርባዬ ላይ ወጣ፣ የአንዱ ክንድ መነጽሬን ገፋው። ገንዳ ውስጥ ቁልቁል ሲያዩ የሚመራ ጥቁር መስመር አለ። እዚህ ቁልቁል ሳይ አረንጓዴ ጨለማ ብቻ ነው። ወፍራሙ የዋና ልብስ አንገቴ ላይ የሚያንቀኝ መሰለኝ። ጭንቅላቴን ከውሃ በላይ አድርጌ መንፈራገጥ ጀመርኩ። ይሄ ደግሞ ጉልበት ይጨርሳል።

በዚህ ዓይነት 200 ሜትር ያህል ሄድኩ። ከጎኔ አሥር ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ አንዲት ልጅ ትንሽ ጀልባ ላይ ተቀምጣለች። "ደህና ነህ? ና ያዝ!" አለችኝ። መያዝ ፈልጌ ነበር። ግን የዳኛው ቃል ጆሮዬ ላይ አለ። የስድስት ወር ልፋቴ እዚህ ሊያበቃ ነው አልኩ። "ደህና ነኝ!" ብዬ መለስኩላት። ውሸት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ያዳነኝ መንጋለሌ ነው። ልብሱ ስለሚያንሳፍፍ በጀርባዬ ተኛሁ፣ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። አየሩን በአፌ ቀስ ብዬ እያስወጣሁ ቆጠርኩ። ሠላሳ አካባቢ ስደርስ ደረቴ መላላት ጀመረ። ስልሳ ላይ ተገልብጬ መዋኘት ቻልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው 550 ሜትር ያህል ገንዳ ውስጥ እንደምዋኘው ነበር። እንዲያውም ጥቂት ሰዎች አልፌአለሁ።

ለካ ይሄ ነገር የታወቀ ነው። ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰውነት ራሱ ትንፋሽ ይነጥቃል፣ የልብ ምትም ይጨምራል። የሚብሰው የመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ይቀንሳል። ጎበዝ ዋናተኛ መሆን አያስቀረውም። "ይሄ ያልፋል" የሚለውን ብቻ አውቄ ብገባ ኖሮ ፍርሃቱ ግማሽ በሆነ ነበር።

ቤት ገብቼ የዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን የውድድር ደንብ አነበብኩ። ተንሳፋፊ ምልክት ወይም የቆመ ጀልባ ይዞ ማረፍ ይፈቀዳል። የሚከለከለው እሱን ተጠቅሞ ወደፊት መሄድ ነው። ማለትም የተነገረን ስህተት ነበር። ለአዘጋጆቹ ጻፍኩላቸው። "ለጥንቃቄ ተብሎ ነው" የሚል መልስ መጣ። የምን ጥንቃቄ? ጀልባ መያዝ የፈራ ሰው እኮ ነው የሚሰጥመው።

ብስክሌቱ ጥሩ ነበር። ብስክሌት ከመንካት በፊት ሄልሜት መቆለፍ ግዴታ ነው። ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር ማሰሪያው ላይ አንድ ሙሉ ደቂቃ ፈጀሁ። ከፊት ካለው ሰው አሥር ሜትር መራቅም አለባችሁ፣ ካልሆነ ቅጣት አለ። ሩጫው የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ ድንጋይ የታሰረበት ያህል ከበደኝ፣ ከዚያ ተፈታ። ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው መሮጥን ቀድማችሁ ተለማመዱ። ስለሁለቱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ ውሃው ግን አለኝ። አሰላለፍ ላይ "እንደ ፍጥነታችሁ ቁሙ" ይላሉ። እኔ አልስማማም። የወቅቱ የመጀመሪያ ውድድር ላይ ፈጣንም ብትሆኑ ዳር ያዙ። ሰው ይለፍ፣ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ከዚያ ግቡ። የምታጡት አሥር ሰከንድ ነው። እኔ በጉራ ከፊት ቆሜ ያጣሁት ከሁለት ደቂቃ ይበልጣል። ማሟሟቂያ ከተከለከለ ዳር ላይ ሆናችሁ ፊትና አንገታችሁን አርጥቡ፣ በአንገት በኩል ትንሽ ውሃ ልብሱ ውስጥ አስገቡ። ልብሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ቀን አትልበሱት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከውድድሩ በፊት አራት አምስት ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግቡ። ብቻችሁን ግን በፍጹም። አምስት ደቂቃ እንኳ ይበቃል፣ ሰውነት ይለምደዋል።

ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ወደዚያው ሐይቅ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ቀን ደረቴ እንደገና ተቆለፈ። ተንጋልዬ ጠበቅኩት። አራተኛው ቀን ላይ ፊቴን ነክሬ ትንፋሼ ሳይቆራረጥ ዋኘሁ። ቀጣዩ ውድድር አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ማሳሰቢያው ሲያልቅ እጄን አውጥቼ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ጀልባ ይዞ ማረፍ ይቻል እንደሆነ እጠይቃለሁ።