የዱቤ ደብተር በፓይተን፦ እስካሁን የገባኝ

ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የምለማመደው ማታ ማታ ነው፤ እዚሁ ሐዋሳ፣ እህቴ ሱቅ ውስጥ። መለማመጃዬ የሱቁ የዱቤ ደብተር ነው። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የብር መጠን፣ ከፍሏል ወይስ አልከፈለም። የዳታ አይነቶችን (ፓይተን መረጃን የሚከፋፍልባቸውን) ለመለየት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ኢንት ሙሉ ቁጥር ነው። ግን በአሃዝ የተጻፈ ሁሉ ኢንት አይሆንም። ስልክን ስትሪንግ (ጽሑፍ) አድርጋችሁ ያዙት። በ09 የሚጀምረውን ወደ ኢንት ከቀየራችሁት ዜሮዋ ትጠፋለች። ደግሞስ ስልክን ከስልክ ማን ይደምራል? ብር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኢንፑት፣ ማለትም ከኪቦርድ የሚጻፈውን የሚቀበለው ትእዛዝ፣ ያገኘውን ሁሉ ስትሪንግ አድርጎ ነው የሚሰጠን። ሳንቀይር 50 እና 50 ብንደምር 5050 ይመጣል። ባለዕዳው ይህን ቢያይ ሁለተኛ ሱቁን አይረግጥም!

ፍሎት (ባለ ነጥብ ቁጥር) ለገንዘብ አይመቸኝም። 0.1 እና 0.2 ደምሩና እዩ፤ 0.30000000000000004 ይላል። ፍሎት በሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ) ስለሚቀመጥ 0.1ን በትክክል አይዘውም። ስለዚህ ሒሳቡን በሳንቲም፣ በኢንት ይዣለሁ፤ 12 ብር ከ50 ማለት 1250 ነው።

ቡል ትሩ (እውነት) ወይም ፎልስ (ሐሰት) ነው፣ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ፦ ባዶ ያልሆነ ስትሪንግ ሁሉ ወደ ቡል ሲቀየር ትሩ ነው። «አልከፈለም» የሚለውም ጭምር።

እኛን የሚመለከተው ጉድ ያለው ስትሪንግ ላይ ነው። ፓይተን 3 (ሦስተኛው እትም) ፊደላችንን በደንብ ያውቃል፤ የ«ሐዋሳ»ን ርዝመት በሌን (ርዝመት በሚቆጥረው ትእዛዝ) ብትጠይቁት 3 ይላችኋል። ግን «ሐይቅ ዳር» እና «ሀይቅ ዳር» ለእሱ ሁለት ሰፈር ናቸው። ሴት የሚባለው የዳታ ስብስብ ተደጋጋሚውን ያስወግዳል ብላችሁ ብትከቱበት ሁለቱንም ያስቀምጣቸዋል። ሐ፣ ኀ፣ ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ በሪፕሌስ (አንዱን በሌላው በሚተካው ትእዛዝ) ማስተካከል ግድ ነው። ስትሪንግ ራሱ ስለማይለወጥ ሪፕሌስ የሚመልሰውን አዲሱን መልሳችሁ መያዝ አትርሱ።

የግዕዝ አሃዝም ያስቃል። ፩ን በኢዝዲጂት («አሃዝ ነው ወይ?» በሚለው ትእዛዝ) ስትጠይቁት ትሩ ይላል፤ ወደ ኢንት ቀይረው ስትሉት ግን አሻፈረኝ!

አሁን ሁሉንም ዲክሽነሪ (እያንዳንዱን መረጃ በአንድ ቁልፍ የሚይዝ የዳታ አይነት) ውስጥ እያስገባሁ ነው። ቁልፉ ስልኩ ነው፤ ስም ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው አበበ ሲመጣ የመጀመሪያው ዕዳ ይሰረዝ ነበር።